ነገረ ዓሣ ወመንገድ

ሰው ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጓዘው በልቡ ነው፤ ልብም ስንቅ የማይቋጠርለት፣ ኬላ የማያስቆመው፣ ጎማ የማይተነፍስበት መንገደኛ ስለ ሆነ፣ ከእግር ቀድሞ ደርሶ፣ የሚያየውን አይቶ፣ የሚያደንቀውን አድንቆ፣ አንዳንድ ጊዜም እግር ገና ጫማውን ሳያጠልቅ ሰልችቶት ይመለሳል። ስለ ተጓዦች የተጻፈው እጅግ ብዙ ነው፤ ስለ ተዘጋጆች ግን የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። ይህ በደል ይመስለኛል፤ በመንገድ ላይ ያለ ሰው ቢበዛ የሚያስበው ስለሚቀጥለው ምሳውና ስለ ወገቡ ነው፤ በዝግጅት ላይ ያለ ሰው ግን ፈላስፋም፣ ባሕረ ሐሳብ ቆጣሪም፣ የጦር አዝማችም ሆኖ ይውላል።

እኔና ወዳጄ ከተዘጋጆች ወገን ነን። ያሰብነውም ወደ ባሌ ወጥተን፣ በወይብ ወንዝ ዳር ቆመን፣ ትራውት የሚባለውን ዓሣ በሰው ሠራሽ ዝንብ ለማጥመድ ነው። ወዳጄ የሥራ ዘመኑን በመሬት ቅየሳ ፈጽሞ በጡረታ ያረፈ ሰው በመሆኑ፣ ማናቸውም ነገር በሠንጠረዥ ካልሰፈረ በቀር መኖሩን አያምንም፤ እኔ ደግሞ ጠመኔ ስጨብጥ የኖርኩ መምህር ነኝና የተሰመረ ወረቀት ባየሁ ቁጥር ማረም ያምረኛል። ስለዚህ ዕቅዱ በእርሱ እጅ ይጻፋል፣ በእኔ ቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል፣ በማግሥቱም በንጹሕ ወረቀት ተገልብጦ ከቡና ጋር ይቀርባል፤ በዚህ ሁኔታ ሲያድግ ኖሮ አሁን ጠንካራ ልባስ ያለው መዝገብ ሆኗል።

የነገሩ መነሻ በአሜሪካ የሚኖረው ልጁ ነው። አባቱ በጡረታ ዘመኑ እንዳይተክዝ አስቦ ይሁን ወይም ለራሱ ገዝቶት ሳይስማማው ቀርቶ፣ አንድ ቀን ቀጭን ረጅም ዘንግ ከነመዘውሩና ከነክሩ በሰው እጅ ላከለት። እናትየው ትጠብቅ የነበረው የደም ግፊት መለኪያ ነበርና ያን ዕለት በቤቱ ውስጥ ታላቅ ጸጥታ ሆነ።

ስለዚህ ጥበብ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ይገባል። በየሐይቆቻችን ዳር የምናየው መንጠቆ የሚወረወረው በአጠገቡ በሚታሰረው ክብደት ኃይል ነው፤ ክሩ ይከተላል እንጂ የራሱ ሥልጣን የለውም። በዝንቡ ጥበብ ግን ሥርዓቱ የተገለበጠ ነው፤ ዝንቡ ከላባና ከፈትል የተሠራ፣ እፍ ቢሉት የሚበር ነገር በመሆኑ፣ ወፍራምና ከባድ ተደርጎ የሚሠራው ክሩ ሲሆን፣ አጥማጁ ዘንጉን ወደ ኋላ ስቦ፣ ክሩ ከጀርባው በአየር ላይ ቀጥ ብሎ እስኪዘረጋ ጥቂት ታግሦ፣ ከዚያ ወደ ፊት ሲሰደው ዝንቡን እንደ ሎሌ አስከትሎ ይሄድና በውኃው ላይ በቀስታ ያሳርፈዋል። ምስጢሩ ሁሉ ያለው በመካከል ባለችው በዚያች ትዕግሥት ነው ይባላል። ወዳጄ ዕድሜውን ሙሉ ረዳቱ ምልክቱን ይዞ ጉብታ ላይ እስኪወጣ በቅየሳ መነጽር ሲጠባበቅ የኖረ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ያችን ቅጽበት መታገሥ ፈጽሞ አልተቻለውም። በግቢው ውስጥ ልምምድ በጀመረ ጊዜ ክሩ ወደ ኋላ ሄዶ ከተሰጣው ልብስ መካከል የባለቤቱን የበዓል ነጠላ በጥበቡ በኩል አንሥቶ በጓሮው ጎመን ላይ አሳረፈው፤ በመዝገቡም ላይ «የተያዘ» ከሚለው ዓምድ ሥር እስከ ዛሬ የሰፈረው ይኸው ነጠላ ብቻ ነው።

ዓሣው ራሱ የአገር ተወላጅ አይደለም። ትራውት ቀዝቃዛ፣ ንጹሕና ፈጥኖ የሚወርድ ውኃ ካላገኘ የማይኖር፣ በቆላው ሙቀት የሚሞት ፍጥረት ስለ ሆነ፣ እንግሊዞች ኬንያን በያዙ ጊዜ አገራቸው እየናፈቃቸው እ.ኤ.አ. በ1905 ከስኮትላንድ አምጥተው በዚያ አገር ተራሮች ወንዝ ውስጥ ጨመሩት፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ ገደማ ደግሞ ከኬንያ ወደ ባሌ ተሻግሮ በወይብና በዳንካ ወንዞች ተለቀቀ። የወይብ ውኃ ከተራራው ወርዶ፣ በሶፍ ዑመር ዋሻ ሥር ሾልኮ፣ በመጨረሻ ከገናሌና ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ተብሎ ወደ ሶማሊያ ይሄዳል፤ ትራውቱ ግን ከብርዱ አገር ንቅንቅ አይልም። ልማዱ ፊቱን ውኃው ወደሚመጣበት አቅንቶ፣ ወንዙ የሚያመጣለትን እየለቀመ ባለበት መቆም ነውና፣ ያመጡት ጃንሆይ ከዙፋናቸው ሲወርዱ፣ ደርግ ሲመጣ፣ ደርግም ሲሄድ እርሱ ከቆመበት አልተነቃነቀም። እንዲህ ያለውን የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ዘመኔ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ይሁንና በዚህ ዝግጅት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው መከራ የመጣው ከዓሣው ሳይሆን ከዝንቡ ነው። ዝንቡ በአብዛኛው የሚሠራው ከአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ሲሆን፣ ይህም የትናንት ጥበብ አይደለም፤ ኤልያኖስ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ ከ1800 ዓመት በፊት ገደማ፣ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፣ ከአውራ ዶሮ አገጭ ሥር የሚበቅሉ ሰም የመሰሉ ሁለት ላባዎችን አስረው ዓሣ እንደሚያጠምዱ ጽፎ አልፏል። የዛሬዎቹ የባሕር ማዶ አጥማጆች ደግሞ አጥብቀው ከሚፈልጉት ላባ አንዱ ነጭና ጥቁር መስመር የተሰባጠረበት በመሆኑ፣ ዶሮውን ለሥጋው ሳይሆን ለአንገቱ ላባ ብቻ ብለው ያረባሉ፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ወዳጄ ሥዕሉን ባየ ጊዜ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ «ይህማ የእኛው ገብስማ ነው!» ብሎ ጮኸ። ፈረንጅ በውድ የሚገዛውን እኛ በየበዓሉ ዋዜማ ከቆሻሻ ጋር እንደምንደፋው ሲያስብ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም።

ስለዚህም የእንቁጣጣሽ ዋዜማ በደረሰ ጊዜ፣ ፖስታ በኪሱ ይዞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በየጎረቤቱ ደጃፍ እየቆመ፣ «እባካችሁ የምታርዱት ገብስማ አውራ ከሆነ፣ የፈላው ውኃ ሳይነካው የአንገቱን ላባ አስቀሩልኝ» እያለ በትሕትና ለመነ። በአገራችን በበዓል ዋዜማ የገብስማ ዶሮ ላባ ከሰው ቤት የሚለምን ሽማግሌ ምን ዓይነት ሰው ተደርጎ እንደሚታሰብ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም። ላባውን የከለከለው አልነበረም፤ እንዲያውም ሁሉም በጥድፊያ፣ ዓይን ዓይኑን ሳያይ፣ ሰጠው። ግን ከዚያ ወዲህ አንዷ ጎረቤት ለልጁ የመኖሪያ ፈቃድ ነው ስትል፣ ሌላዋ ከወንድሙ ጋር ስላለበት የርስት ክርክር ነው ስትል፣ አዋቂው የሚኖርበት ሰፈር ሳይቀር ተለይቶ ተነገረ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ የንስሐ አባቱ፣ አረጋዊ ቄስ፣ ጸበል በጠርሙስ ይዘው በድንገት መጡ። እኔም በዚያ ሰዓት ለመዝገቡ እርማት ተቀምጬ ነበር።

«ልጄ፣» አሉት ባርከው ከተቀመጡ በኋላ፣ «ሰው ሲጨንቀው ብዙ ያደርጋል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ከደጀ ሰላም እንጂ ከዶሮ ላባ አይገኝም።»

ወዳጄ ፊቱ ደም መስሎ ተነሥቶ ከመሳቢያው ውስጥ መንጠቆውን፣ ፈትሉን፣ የጠመጠመውንም ዝንብ አውጥቶ በፊታቸው ዘረጋ። አባታችን መነጽራቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው አንዱን ዝንብ በመዳፋቸው አድርገው አገላበጡት።

«ይህ ዝንብ ነው?»

«ዓሣው ዝንብ ይመስለዋል፣ አባታችን።»

«እንግዲያውስ ዋሽተኸው ነዋ የምትይዘው።»

ወዳጄ መልስ ሲያጣ እኔ ከመምህርነት ልማዴ የተነሣ ጣልቃ ገባሁና፣ ቅዱስ ጴጥሮስም ለግብር የሚከፈለውን ገንዘብ ከዓሣ አፍ ያወጣው በመቃጥን እንደ ነበረ አስታወስኳቸው። «ጴጥሮስማ ጌታው አዝዞት ነው፤» አሉኝ ወደ እኔ ዘወር ብለው፤ «እናንተን ማን አዘዛችሁ? ደግሞስ ከያዛችሁት በኋላ ምን ልታደርጉት ነው?»

«እንለቀዋለን፣ አባታችን፤ የጥበቡ ሥርዓት እንዲህ ነው።»

በዚህ ጊዜ አባታችን ዝንቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ብዙ ዝም አሉ። «አራት መቶ ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ፣ ዋሽታችሁ ይዛችሁ፣ አፉን አቁስላችሁ ትለቁታላችሁ፤» አሉ በመጨረሻ። «ከሚበላው ዓሣ ይልቅ ለዚህኛው አዘንኩለት።» ከዚያም ጥቂት ፈገግ ብለው የጦቢትን ልጅ የጦብያን ነገር አነሡ፤ ከባልንጀራው ጋር ሩቅ መንገድ ሲሄድ በጤግሮስ ወንዝ ዳር ታላቅ ዓሣ እንደ ተወረወረበት፣ ዓሣውንም ይዞ ሐሞቱን ለአባቱ ዓይን መድኃኒት እንዳደረገው፣ ሥጋውንም ጠብሰው እንደ በሉት እንጂ እንዳልለቀቁት ነገሩን። «ባልንጀራውም ሰው መስሎ የሄደው መልአኩ ሩፋኤል ነበር፤» አሉና አንድ ጊዜ እርሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን ካዩ በኋላ፣ «ለመሆኑ ከእናንተ ሩፋኤሉ ማንኛችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ ወዳጄን አየሁ፤ ወዳጄም እኔን አየ፤ ሁለታችንም ተስፋ ቆረጥን።

ቡናው ተጠጥቶ ሲሸኙ ግን፣ በሩ አጠገብ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከምንለቃቸው ዓሦች አንዱ አልሄድም ቢለን የፍስክ ቀን እንዲሆንና በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ብናልፍ ክፉ እንዳልሆነ ነግረውናል።

ይህ የፍስክ ነገር የመዝገቡን ግማሽ የበላ ሐተታ ነው። በባሌ ደጋ ዝናብ የማይበዛበት፣ መንገዱ የማይጨቀይበት፣ ውኃውም የሚጠራበት ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው፤ ነገር ግን ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ይገባል። በዚህ ላይ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ከአያቶቻችን ጀምሮ ያልተቋጨ ክርክር ተነሣና፣ ወዳጄ ይበላል ከሚሉት፣ እኔ አይበላም ከሚሉት ወገን ሆነን ብዙ ከተሟገትን በኋላ፣ የምንለቀውን ዓሣ መብላትና አለመብላት ላይ መጣላታችን ትዝ ቢለንም ክርክሩን ለማቆም ማናችንም ፈቃደኛ አልሆንንም። ገና ካለፈ በኋላ ጥምቀት አለ፤ በጥምቀት ከቤት የሚርቅ ሰው የለም። ከዚያ ወዲያ ጾመ ነነዌ ነው። ነነዌ ከጥር 17 ቀድሞ፣ ከየካቲት 21 አልፎ አይገባም፤ እኔ ግን ነቢዩ ዮናስ በዓሣ ሆድ ያደረበት በሚታሰብበት ሰሞን መንጠቆ ይዞ ወደ ውኃ መውረድ ለዓሣው ወገን ቂም መመለስ ይመስላል ብዬ ስለ ተቃወምኩ በቀይ ተሰረዘ። የሚከተለው ዐቢይ ጾም ሲሆን፣ እርሱ ሳይፈታ ደግሞ የበልጉ ዝናብ ይጀምራል። ስለዚህ የቀረልን ከጥምቀት ማግሥት እስከ ነነዌ ዋዜማ ያለችው፣ እንደ ዓመቱ የምትሰፋና የምትጠብ ጊዜ ናት፤ ከእርሷም ላይ ረቡዕና ዓርብ ሲቀነስ የሚተርፈውን ወዳጄ በአረንጓዴ ቀለም ቀብቶታል።

የመንገዱ ጉዳይ እንደዚህ አልረዘመም፤ ግን ከዚህ ይልቅ መረረ። ከአዲስ አበባ እስከ ባሌዋ ዲንሾ ድረስ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በአዳማ፣ በአሰላና በበቆጂ የሚወጣው ሲሆን፣ የስንዴና የገብስ ማሳ እያዩ፣ ኃይሌን ባፈራው ምድርና ደራርቱና ቀነኒሳ በተገኙበት አገር አልፈው፣ በክብር የሚጓዙበት ነው፤ እኔ የመረጥኩት ይህን ነው። ሁለተኛው በሞጆ በኩል ወደ ባቱ፣ እኛ ዝዋይ እያልን ወዳደግንበት ከተማ ወርዶ፣ በሻሸመኔና በኮፈሌ ይዞራል። ሁለቱም ዶዶላ ገደማ ይገናኛሉና ልዩነቱ የጣዕም ብቻ ይመስላል። ወዳጄ ግን ሁለተኛውን መንገድ «ዋስትና» ብሎ ይጠራዋል፤ ምክንያቱን በጠየቅሁት ጊዜ በሹክሹክታ እንደ ነገረኝ፣ ትራውቱ እንደ ሆነ ቢገኝም ይለቀቃል፣ ባይገኝ ደግሞ ባዶ እጅ መመለስ አለ፣ ስለዚህ በባቱ በኩል ካለፍን በሐይቁ ዳር የተጠበሰ ቆሮሶ በዳጣ በልተን፣ ከዚያም ጥቂት ለቤት አስጠቅልለን መመለስ እንችላለን። የዋሹትን ዓሣ ለቀው የገዙትን ዓሣ ይዘው የሚገቡ ሁለት ሽማግሌዎች! ይህን ለአባታችን አልነገርናቸውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የልብስ ክርክር መጣ። ዲንሾ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ጧትና ማታ ብርዷ አጥንት የሚሰብር ከተማ ናት፤ በላይዋ ያለው የሰነቲ አምባ ደግሞ ወደ 4000 ሜትር የሚደርስ፣ በበጋ ሌሊት ውኃ የሚረጋበት ስፍራ ነው። እኔ ስለዚህ ነጭ ጋቢዬን ስንቅ ከሚለው ርእስ በላይ አስጻፍኩ። ወዳጄ ግን ትራውት ከውኃው ውስጥ ሆኖ ዳር የቆመውን ሰው አሻቅቦ የሚያይ፣ ነጭ ነገርና የሚንቀሳቀስ ጥላ ባየ ጊዜ ከድንጋይ ሥር የሚገባ ዓሣ መሆኑን ጠቅሶ፣ ጋቢው በቡና አተላ ካልተነከረ በቀር ወንዙ ዳር እንዳይደርስ ወሰነ። እናቴ የፈተለችውን ጋቢ በአተላ ለመንከር ከመስማማት፣ ዓሣው አይቶኝ ቢሄድ ይሻላል አልኩት። ለጥቂት ሳምንት አልተነጋገርንም፤ ማለት ስለ ጋቢው አልተነጋገርንም፤ ቡናውማ በየቀኑ ነበር።

እኔ ልቤ የሚያዘነብለው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ ሰነቲ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ነዋሪ ቀይ ቀበሮ ሲሆን፣ በምድር ላይ ከቀሩት ከግማሽ የሚበልጡት በእነዚህ ተራሮች ይኖራሉ። ቀበሮው ምግቡ የሆነውን ግዙፍ ፍልፈል ለመያዝ በጉድጓዱ አፍ ላይ ጆሮውን አቁሞ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ እስኪወጣ ይጠብቃል ይባላል። ዘንግ የለው፣ መዘውር የለው፣ የማንንም ላባ አልለመነ። ወዳጄን ወደዚያ ወስጄ፣ ወደ ኋላ ስቦ መታገሥ ምን እንደ ሆነ ባሳየው ደስ ይለኛል፤ በመዝገቡ ላይ ግን ለሰነቲ የተሰጠው ግማሽ ቀን ነው፤ እርሱም «ጊዜ ከተረፈ» የሚል ተጽፎበታል።

ነገሩ እንዲህ በሰላም ሲሰረዝና ሲጻፍ ብዙ ዓመት ሊኖር ይችል ነበር፤ ማናችንም የምንጣደፍበት ጉዳይ አልነበረም። ባለፈው ሰንበት ግን የወዳጄ ባለቤት ቡናውን ይዛ ገብታ፣ ከእኛ ጋር ቁጭ አለችና፣ የእኅቷ ልጅ በጥር ሮቤ ላይ እንደምትዳር፣ ሮቤም ከዲንሾ ጥቂት አልፋ ያለች ከተማ እንደ ሆነች ጠይቃ እንደ ደረሰችበት፣ ስለዚህም መኪናው በሠርጉ ዋዜማ ጎሕ ሲቀድ እንደሚነሣ ነገረችን። መንገዱ በአሰላ በኩል ነው፤ በበቆጂ የምትጫን አንዲት የአክስት ልጅ አለች። ዓሣው የሚጠመደው ሰኞ ነው፤ ያውም መልሱ ማክሰኞ ከሆነ። ወዳጄ መዝገቡን ሊገልጥ እጁን ዘረጋ፤ ስኒውን ያስቀመጠችው ግን መዝገቡ ላይ ነበር።

ትናንት ማታ ደውሎ እንደ ነገረኝ፣ በመኪናው የኋላ ክፍል ድፎ ዳቦው፣ በርበሬው፣ የጠላው ጀሪካንና ለሙሽራዋ የተገዛው ብርድ ልብስ ቦታቸውን ይዘዋል። ዘንጉ በአራት የሚቆራረጥ በመሆኑ ብዙ ተማጽኖ ከዳቦው ሥር እንዲተኛ ፈቃድ አግኝቷል፤ ዝንቦቹም በኪሱ ይሄዳሉ። የእኔ ጋቢ ግን በነጭነቱ እንዲመጣ ተወስኗል፤ ሠርግ ነውና።